ቀላ አድርጊኝ

አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ የመዋቢያ ዕቃ ሸጫለሁ። ሥራው ከመሸጥ ይልቅ ፊት ማንበብ ነበር። ደንበኛዋ ከፍ ያለችው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ሦስት የፋውንዴሽን ጠርሙስ አነሣና ከመንጋጋዋ ሥር፣ ፊትና አንገት ከሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ሦስት አጫጭር መስመሮች አሰምርባታለሁ፤ ከዚያም የእጅ መስተዋት ይዛ የቀን ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ እንድትጠጋ እነግራታለሁ። ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ይጠፋል። የጠፋው የእርሷ ነው። ትክክለኛው ቀለም የሚታወቀው ሲታይ ሳይሆን ሲጠፋ መሆኑን ያስተማረችኝ በዚያ ክፍል ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠራች ጃማይካዊት ናት።

አንድ ቅዳሜ አንዲት የሀገሬ ልጅ መጣች። በሳምንቱ ልታገባ ነው። ጠይም ናት፤ ድሮ ቢሆን «ጠይም ዓሣ መሳይ» ተብሎ የሚዘፈንላት ዓይነት። መስመሮቹን አሰመርኩ፤ አንዱ ጠፋ፤ «ይኸው፣ ያንቺ ይኼ ነው» አልኳት። መስተዋቱን እንኳ በወጉ ሳታየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ «እባክሽ፣ ትንሽ ቀላ አድርጊኝ» አለችኝ። ሁለት ደረጃ የሚነጣውን ጠርሙስ አነሣሁ፤ ቀባኋት፤ ሸጥኩላት፤ ኮሚሽኔንም አገኘሁ። ይህን ነገር ለብዙ ዓመት ሰው ሲሰበሰብ እንደ ቀልድ ሳወራው ኖሬያለሁ። ቀልድነቱ የጠፋብኝ አንድ ፊልም ካየሁ በኋላ ነው።

ፊልሙን ያየሁት እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ አብረውኝ ከሚኖሩት አክስቴ ጋር ነበር። አክስቴ ሰባዎቹን አጋምሰዋል፤ ፊልም ሲያዩ ዝም ብለው አያውቁም፤ ተዋናዮቹን ያናግራሉ፣ ይመክራሉ፣ ሲብስባቸውም ይረግማሉ። የዚያን ዕለት ማታ ግን ፊልሙ ብዙም ሳይሄድ እጃቸው ላይ የነበረውን የሹራብ ሥራ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጆሯቸውን አቀኑ። «ይኼ የእማሆይ ፒያኖ አይደለም እንዴ?» አሉ። ነበር። በ1920ዎቹ ኒውዮርክ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስለሚኖሩ ሁለት ሴቶች በሚተርክ ፊልም ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ዜማ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከቤተሰባቸው ጋር አሲናራ ወደምትባል ደሴት ተግዘው የታሰሩ፣ በኋላም መንኩሰው በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ። ፊልሙ የሚጠቀምበት ሥራቸው ርእስ ቤት የሌለው ተቅበዝባዥ እንደ ማለት ነው። ከዚያ የተሻለ የሚስማማው ርእስ ማንም ሊፈልግ አይችልም ነበር።

ከፒያኖው በኋላ ፊቱ መጣ። በአንድ ትልቅ ሆቴል የሻይ አዳራሽ ውስጥ ጸጉሯ ወርቃማ የሆነ ሴት ፊት ለፊቷ ርቃ የተቀመጠችውን ሌላ ሴት ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች። «ይቺ ፈረንጅ ደግሞ ምን ታፈጣለች?» አሉ አክስቴ። «ፈረንጅ አይደለችም፤ አባቷ ኢትዮጵያዊ ነው፤ አዲስ አበባ ነው የተወለደችው» ስላቸው «አትቀልጂ እንጂ!» ብለው መነጽራቸውን አደረጉ።

ተዋናይቷ ሩት ነጋ ናት። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ነበሩ፤ ገና ሕፃን ሳለች ከኢትዮጵያ ወጥታ አየርላንድ ውስጥ ሊምሪክ አደገች። አዲስ አበባ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ «ቀይዋ» ወይም «ክልሷ» ይላት ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ያለ ምንም ክርክር ጥቁር ናት፤ በዚህ ፊልም ውስጥ ደግሞ ባሏን ጨምሮ ዓለም ሁሉ ነጭ ናት ብሎ የሚያምናትን ክሌር የምትባል ሴት ሆና ትሠራለች። ለአንድ ቆዳ ሦስት ስም መሆኑ ነው፤ ቆዳው ግን በአውሮፕላን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ምንም አልተለወጠም።

ፊልሙ «ፓሲንግ» ይባላል። ቃሉ በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ ነጭ መስሎ ማለፍን፣ በጥርጣሬ የሚጠብቀውን ዘበኛ ሁሉ አልፎ ወደተከለከለው ግቢ መግባትን ያመለክታል። መሠረቱ ኔላ ላርሰን በ1929 ያሳተመችው አጭር ልቦለድ ነው። ላርሰን ራሷ እናቷ ዴንማርካዊት፣ አባቷ ዴንማርክ በካሪቢያን ከነበሯት ደሴቶች የመጣ ሰው ነበሩ፤ ደራሲ ሆና ከተወደሰች በኋላ ብዕሯን ትታ በነርስነት ስታገለግል ኖራ በ1964 አረፈች። ፊልሙን የሠራችው እንግሊዛዊቷ ሬቤካ ሆል ደግሞ አያቷ፣ የእናቷ አባት፣ ነጭ መስለው ያለፉ የዲትሮይት ሰው ነበሩ። ስለዚህ ነገሩ ለሁለቱም ሴቶች የቤት ጉዳይ ነው እንጂ ከሩቅ የተዋሱት አይደለም።

ታሪኩ ለመናገር ቀላል ነው። ከልጅነታቸው የሚተዋወቁ፣ ሁለቱም ጥቁር የሆኑ ሴቶች ካደጉ በኋላ ይገናኛሉ። አይሪን ሃርለም በሚባለው የኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ጥቁር ሐኪም አግብታ ሁለት ወንዶች ልጆች እያሳደገች ትኖራለች፤ ክሌር ጥቁርን የሚጠላ ነጭ አግብታ ነጭ ሆና ትኖራለች። ባልየው ሚስቱ በየዓመቱ ጠቆር እያለች እንደምትሄድ በቀልድ እያነሣ ጥቁሮች የሚሰደቡበትን ቃል አሳጥሮ የቁልምጫ ስም አድርጎላታል። ያ ትዕይንት ሲመጣ አክስቴ የተሳሳቀችውን ክሌርን ሳይሆን በግድ የምትስቀውን አይሪንን እያዩ «ውይ፣ ውይ» ከማለት በቀር የሚሉት አጡ።

እኔ ግን እንደ ድሮ ሻጭነቴ የማየው ሌላ ነበር። ፊልሙ የተነሣው ባለ ቀለም ሆኖ አይደለም፤ ጥቁርና ነጭ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ውስጥ ደግሞ ጥቁርም ነጭም ሰው የለም፤ ሁሉም አመድማ ነው። ብርሃኑ አንዳንዴ እጅግ በዝቶ የሁሉንም ፊት ያነጣዋል፤ አንዳንዴ የአይሪን ባርኔጣ ወርዶ ጥላው ፊቷን ያጠቁረዋል። ከመንጋጋ ሥር የማሰምራቸው ሦስት መስመሮቼ በዚያ ብርሃን ሁሉም ይጠፉ ነበር። ተመልካቹ ዓይኑን እያጨፈገገ «ታዲያ እንዴት ነጭ ትመስላቸዋለች?» ብሎ ሲፈርድ ዳይሬክተሯ የጠበቀችው ቦታ ላይ ደርሷል፤ ሳያውቀው የዘበኛውን ሥራ እየሠራ ነው። አክስቴም ሠርተውታል፤ እኔም በሙያ ደረጃ ስሠራው ነበር።

ይህን ፊልም ከዚያ በፊት ከነበሩት ጋር ሳላስተያይ መተው አልቻልኩም። ሆሊውድ ነጭ መስላ ስለምታልፍ ጥቁር ሴት መተረክ የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ የሚገርመው ታሪኩን እየወደደው ታሪኩ የሚመለከታትን ሴት ግን አላቀርብም ማለቱ ነው።

የአሜሪካ ፊልም ኩባንያዎች በ1930 ራሳቸው ላይ አንድ ደንብ ደነገጉ፤ በማኅበራቸው መሪ በዊል ሄይስ ስም ሄይስ ኮድ ይባላል። መንግሥት ያወጣው ሕግ አልነበረም፤ የመንግሥትን ሳንሱርና የካቶሊክ ምእመናንን አድማ የፈሩ ነጋዴዎች ያወጡት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙም አልተከበረም፤ ከ1934 አጋማሽ ጀምሮ ግን ጆሴፍ ብሪን የሚመራው ቢሮ ማኅተሙን ያላሳረፈበትን ፊልም ያወጣ የማኅበሩ አባል 25,000 ዶላር እንዲቀጣ ተወሰነ። በደንቡ ውስጥ «ወሲብ» በሚለው ርእስ ሥር የተዘረዘሩ ክልከላዎች አሉ። አራተኛው የወሲብ ብልሹነትን ወይም ወደዚያ የሚጠቁምን ማንኛውንም ነገር ይከለክላል፤ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ማለቱ ነው። ስድስተኛው በነጭና በጥቁር መካከል የሚደረግን ግንኙነት ይከለክላል። አምስተኛው፣ በሁለቱ መካከል ያለው፣ በነጮች ላይ የሚፈጸምን የሴቶች ንግድ ማሳየትን ይከለክላል፤ ስለ ሌሎቹ ሴቶች የሚለው ነገር የለውም። ዘርንና ፆታን፣ ማን ማንን ሊወድ እንደሚችልም፣ ዛሬ በየፊናቸው የምንከራከርባቸውን ጉዳዮች እነዚያ ሰዎች በአንድ ገጽ፣ በአንድ ርእስ ሥር አስቀምጠዋቸው ነበር። ነገሩ አንድ መሆኑን ከእኛ ቀድመው ተረድተዋል ማለት ነው።

ፍሬዲ ዋሽንግተን የምትባል ተዋናይት ነበረች፤ በ1903 ጆርጂያ ውስጥ ሳቫና ተወለደች። ጥቁር ናት፤ መልኳ ግን ነጭ፣ ዓይኗም አረንጓዴ ነበር። በ1933 «ዘ ኤምፐረር ጆንስ» በተባለው ፊልም ከታላቁ ጥቁር ተዋናይና ድምፃዊ ከፖል ሮብሰን ጋር ሠራች። የተቀረጸው ሲታይ የሄይስ ቢሮ ደነገጠ፤ ተመልካቹ ሮብሰን ነጭ ሴት ያቀፈ ይመስለዋል ተባለ። መፍትሔው ምን ነበር? ልጅቱን ጠቆር ያለ ቀለም ቀብቶ ትዕይንቶቹን እንደገና መቅረጽ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ የታየችኝ ያቺ ስፖንጅ ናት። ስፖንጅ በእጄ ይዤ ስለማውቅ እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ከግንባር ይጀመራል፣ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ አንገት ላይ ወርዶ ልብሱ ሥር እስኪገባ ይሳባል፤ እጅ ሊረሳ ስለሚችል እጅም ይቀባል። ጥቁር የሆነችውን ሴት ጥቁር ለማስመሰል ጥቁር ቀቧት። ሮብሰንን ማንም አልነካውም፤ ለመታቀፍ የሚመች ቀለም እንዲኖራት የተደረገችው ሴቷ ናት።

በዓመቱ «ኢሚቴሽን ኦቭ ላይፍ» በተባለው ፊልም እናቷን ክዳ ነጭ መሆን የምትፈልገውን ፒኦላን ሆና ሠራች፤ እናቷን የተጫወተችው ሉዊዝ ቢቨርስ ናት። የብሪን ቢሮ ይህን ታሪክ ገና በጽሑፍ ሳለ ፈርቶት ነበር፤ ልጅቱ ነጭ ከመሰለች አንድ ጊዜ አንድ ነጭ ከአንዲት ጥቁር ሴት ጋር ተኝቷል ማለት ነውና። ፊልሙ ይህን ለማምለጥ አባቷ መልኩ የፈካ ጥቁር ሰው እንደ ነበር እናትየዋን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያናግራታል። ፊልሙ በተመሠረተበት መጽሐፍ ላይ ፒኦላ ነጭ ታገባለች፤ በፊልሙ ላይ ግን የሚወዳት ወንድ የለም፣ የምትወደውም የለም። በመልኳ ምክንያት ከጥቁር ወንድ ጋር ብትታይ ነጭ ትመስላለች፤ በደሟ ምክንያት ከነጭ ወንድ ጋር ብትታይ ጥቁር ናት። ስለዚህ ብቻዋን ትቆማለች፤ ታለቅሳለች፤ ያም የተፈጥሮዋ አሳዛኝነት ሆኖ ይቀርባል። ካሜራው ያሳጣትን ነገር ዕጣ ፈንታዋ ያስመስለዋል፤ የዚህ ጥበብ ትልቁ ተንኮል እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ፍሬዲ ዋሽንግተን በሕይወቷ ግን ነጭ ነኝ አላለችም። ብትል ዝነኛ ትሆን ነበር የሚሏት ሞልተው ነበር። በ1937 የጥቁር ተዋንያን ማኅበር መሥራች አባል ሆነች፤ ሆሊውድንም በዚያው ዓመት ተሰናበተችው፤ በኋላም ሃርለም ውስጥ በሚታተም «ዘ ፒፕልስ ቮይስ» በተባለ ጋዜጣ ላይ ስለ ቲያትር ጻፈች። በ1994 ስታርፍ የሚያስታውሳት ጥቂት ሰው ነበር።

ከእርሷ በኋላ የመጡት አዘጋጆች ችግሩን ሌላ መንገድ ፈቱት። በ1949 የወጣው «ፒንኪ» ነጭ መስላ ሰሜን ተምራ ወደ ደቡብ አያቷ ጎጆ የምትመለስ ጥቁር ነርስ ታሪክ ነው፤ ሴቲቱን የተጫወተችው ጂን ክሬን ግን ጥርት ያለች ነጭ ናት። ፒንኪ ነጭ እጮኛዋን ትስመዋለች፤ ማኅተሙ አልተከለከለም። በታሪኩ ጥቁር ነጭን ሳመች፤ በስቱዲዮው ውስጥ ግን ነጭ ነጭን ነው የሳመው። ለቴክሳሷ የማርሻል ከተማ እርሱም በዝቶባት ፊልሙን ያሳየውን የሲኒማ ቤት ኃላፊ ከሰሰችው፤ በ1952 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረው። በ1959 «ኢሚቴሽን ኦቭ ላይፍ» እንደገና ሲሠራ የልጅቱ ቦታ ለሱዛን ኮህነር ተሰጠ፤ እናቷ ሜክሲኳዊት፣ አባቷ ከቦሄሚያ የመጡ አይሁዳዊ ናቸው። በመሐሉ በጥቁርና በነጭ ላይ የነበረው ክልከላ በ1956 ተነሥቶ ነበር፤ ልማዱ ግን ከደንቡ ይልቅ ዕድሜ አለው።

ከዚህ ሁሉ የገባኝ ደንቡ ይጠብቀው የነበረው ታሪኩን እንዳልሆነ ነው። ታሪኩ እንደ ፈለገ ሊሄድ ይችል ነበር። የሚጠበቀው የተዋናይቷ ገላ ነበር፤ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠው ተመልካች ትኬት ገዝቶ እንዲመኛት የተፈቀደለት ማንን ነው የሚለው ነበር። ወንድ የሚያልፍባቸው ፊልሞች የሉም አይደለም፤ በዚያው በ1949 ነጭ መስሎ ሥራ ስለሚያገኝ ሐኪም የተሠራ አለ። ወንዱ ግን የሚያልፈው ለእንጀራ ነው፤ ሴቷ የምታልፈው ለመወደድ ነው፤ ስለዚህ በሴቷ መንገድ ላይ የሚቆመው ዘበኛ ይበዛል።

እኔ የምኖርበት ቨርጂኒያ ደግሞ ይህን በፊልም ብቻ አልተወውም። በ1924 በወጣው ሕግ ነጭና ሌላ ዘር መጋባታቸው ወንጀል ነበር። ሚልድረድና ሪቻርድ ለቪንግ በ1958 ዋሽንግተን ዲሲ ሄደው ተጋብተው ወደ ቀያቸው ሲመለሱ የወረዳው ሸሪፍ በሌሊት መኝታ ቤታቸው ገብቶ ያዛቸው፤ ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው የጋብቻ ወረቀት እዚህ አይሠራም ተባሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ሕግ የሻረው በሰኔ 1967 ነው። ሚልድረድን በ2016ቱ ፊልም ላይ ሆና የሠራቻት፣ ለኦስካርም የታጨችበት፣ ይህቺው ሩት ነጋ ናት። ያቺ ከአዲስ አበባ የወጣች ሕፃን አድጋ በአንዱ ፊልም ነጭ በማግባቷ የምትታሰር ጥቁር፣ በሌላው ጥቁርነቷን ደብቃ ነጭ ያገባች ሴት ሆነች። እኔና ባለቤቴ በ2015 የጋብቻ ፈቃድ ልናወጣ ስንሄድ ቅጹ ላይ «ዘር» የሚል ጥያቄ ነበረው። ባለቤቴ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ ጻፈ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችን፤ «እርሱ አገር ነው፤ ዘር አይደለም» አለች። ያ ጥያቄ ከቨርጂኒያ የጋብቻ ቅጽ ላይ ግዴታነቱ የቀረው በ2019 ነው፤ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት ሻረው።

ለእኛ ይህ ሁሉ የሰው አገር ታሪክ ነው እንዳይባል ደግሞ ጣሊያን አለ። በ1935 ለወረራው ዋዜማ ጣሊያኖች «ፋቼታ ኔራ» የሚል ዘፈን አወጡ፤ «ጥቁሯ ፊት» እንደ ማለት ነው፤ የሚዘፈንላት ሐበሻ ልጅ ናት። ከባርነት ነጻ እናወጣሻለን፣ ሮም እንወስድሻለን ይላታል። ዘፈኑ ወታደሩ አፍ ላይ ገባ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ግን የፋሺስቱ መንግሥት ዘፈኑን በጎሪጥ ማየት ጀመረ፤ ወታደሩ የተዘፈነላትን ልጅ በእውነት ቢያገባትስ? በሚያዝያ 1937 የወጣው አዋጅ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢዋ ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። ሊመኟት ተፈቀደ፤ ሊያገቧት ተከለከለ። የሆሊውዱ ደንብ በጠነከረ በሦስት ዓመቱ ነው። ሁለቱ ሳይመካከሩ አንድ ነገር ላይ የደረሱት የሁለቱም ሥጋት አንድ ዓይነት ልጅ ስለ ሆነች ነው፤ እኛ ክልስ የምንላት፣ በፊቷ ላይ የሁለት ወገን ታሪክ የሚነበብባት።

ወደ ፊልሙ ልመለስ። መሐል ላይ ሲደርስ አክስቴ ዝም አሉ። ክሌር ወደ ሃርለም መመላለስ አብዝታለች፤ የአይሪን ቤት ገብታ ከልጆቿ ጋር ትጫወታለች፤ ከሠራተኛዋ ጋር ደጅ ተቀምጣ ትስቃለች። አይሪን ባሏን እንዳትነጥቃት የፈራች ይመስላል። አክስቴ ግን «ልጅቱ ቅናቱስ ለባሏ ነው ብለሽ ነው?» አሉኝ። ዞር ብዬ አየኋቸው። «ዓይኗን እይው፤ ባሏን አንዴም እንዲህ አላየችውም» አሉ፤ ከዚያም የሹራብ ሥራቸውን አንሥተው መቁጠር ጀመሩ።

ላርሰን በ1929 እንዲህ ነበር የጻፈችው፤ አይሪን ስለ ክሌር ከንፈር፣ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ድምፅዋ ስታስብ ገጹ ይሞቃል፣ ግን አንዲት ቃል እንኳ ስም አይሰጠውም። ብዙ አንባቢዎች ልቦለዱ ውስጥ ሁለት ምሥጢር አለ የሚሉት ለዚህ ነው፤ ክሌር ዘሯን ደብቃ ስታልፍ አይሪን ደግሞ ልቧን ደብቃ ታልፋለች፤ ጥሩ ሚስት፣ ጥሩ እናት፣ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ አባል መስላ። የስድስተኛው ቁጥር ክልከላ ከአራተኛው ጋር የሚገናኘው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። ሆሊውድ ይህን እንዴት ያስተናግደው እንደ ነበር ለማወቅ ዳይሬክተሩን ዊልያም ዋይለርን ማየት ይበቃል፤ እርስ በርስ ይዋደዳሉ ተብሎ ስለሚወራባቸው ሁለት ሴት አስተማሪዎች የተጻፈን አንድ ተውኔት በ1936 ወደ ፊልም ሲለውጥ ወሬው በአንድ ወንድ ላይ የሚደረግ የሁለት ሴቶች ሽሚያ ተደረገ፤ ያንኑ ተውኔት እንደ ተጻፈው ለመሥራት እስከ 1961 መጠበቅ ነበረበት፤ ያኔም ሌላዋን የወደደችው ሴት መጨረሻዋ ራሷን መስቀል ሆነ።

የእኛ ፊልሞች ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላሉ ብዬ ብዙ አልደከምኩም። ሕጉም ይቀጣል፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ያወግዛል፣ ስለዚህ ወይ የለም ወይ መሳቂያ ነው። አክስቴ ግን በሰባ ምናምን ዓመታቸው፣ ማንም ሳያስተምራቸው፣ አንዲት ሴት ሌላዋን ስታይ ምን እንደምትመስል አወቁት። አላወገዙም፤ አላጸደቁም። የት እንዳዩት አልጠየቅኳቸውም፤ ቢጠየቁም የሚመልሱ ሰው አይደሉም።

በቀለሙ ነገር ግን የእኛን አፍ መሸፈን አልችልም። አማርኛ ለመልክ ያለው ቃል ያስቀናል፤ ቀይ፣ ብስል ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ። የአሜሪካ ቅጽ የማያውቀውን ልዩነት ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ቃሉ እንዲህ በዝቶ ሳለ ዘፋኙ ስለ ጠይሟ እየዘፈነ ክሊፑ ላይ የሚያስጨፍራት ለምን ቀይዋን ሆነች? በፊልሞቻችን የባለጸጋውን ልጅ የምትሠራዋና ቡና የምታፈላው የቤት ሠራተኛ ጎን ለጎን ሲቆሙ የትኛዋ እንደምትጠቁር ለማወቅ የመንጋጋ መስመር አያስፈልግም። በጣም ጥቁር የሆነ ሰው ከመጣ ደግሞ ወይ ለማሳቅ ነው ወይ ለማስፈራራት፤ በዚያ ቀለም ላይ ሰው ሲሸጥና ሲለወጥ የተለጠፈው ስድብ ገና አልተላጠም። ይህን የምለው ክፉ ሰዎች ናቸው ለማለት አይደለም፤ ካሜራ የያዘው ልጅ ብርሃኑን የሚያስተካክለው ለቀይዋ ፊት ስለ ሆነ ጠይሟ አጠገቧ ስትቆም ትጠፋለች፤ ከዚያ «ካሜራ አይወዳትም» ይባላል። ጠርሙሱንና ስፖንጁን ይዛ የቆመችው ሻጭም እንደ እርሱ ናት፤ የተጠየቀችውን ሰጠች።

ያቺ ሙሽራ በሠርጓ ማግስት ፎቶ ላከችልኝ፤ በጣም አመስግናለች። ያኔ ቶሎ አይቼ ልብ ላኩላት። ፊልሙን ካየሁ በኋላ ፈልጌ አገኘሁትና አጉልቼ አየሁት። ሥራው ጥሩ ነው፤ አንገቷ ድረስ ወርጃለሁ፤ መስመር አይታይም። አበባውን የያዘው እጇ ግን የራሷ ነው፤ ፊቷ የማን እንደ ሆነ አላውቅም።

ፊልሙ ሲያልቅ፣ ክሌር ከፎቁ መስኮት የወደቀችው ተገፍታ ይሁን አዳልጧት ሳይታወቅ በረዶው ሲወርድ፣ አክስቴ እስከ መጨረሻው ስም ዝርዝር ድረስ ተቀምጠው ቆዩ። የእማሆይን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲያልፍ እንዳቆምላቸው አዘዙኝ፤ አቆምኩ፤ በጣታቸው እየቆጠሩ አነበቡት። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው ሜሪላንድ ላሉት የማኅበር ጓደኛቸው ደወሉ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ የምሰማው የእርሳቸውን ወገን ብቻ ነበር።

«ፒያኖው የእማሆይ ነው፣ በማርያም! ልጅቷም የኛ ናት፤ አባቷ ዶክተር ነበር አሉ። እኔ እኮ ገና ሳያት ዓይኗን አይቼ የኛ ናት ብያለሁ። ... ቀይ ናት፣ እንዴት ያለች ቆንጆ መሰለሽ! ... ሌላዋ ጠይሟም ደኅና ናት። ... ታሪኩማ ባሏን ዋሽታው ነው። ... አይ፣ ሌላም ነገር አለው፤ እርሱ እንኳ በስልክ አይሆንም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነይና አብረን እንየው።»